«አሪፍ ነው» ከማለት ባሻገር፦ የፊልም አድናቂዎች በምን ይከራከራሉ?



ሰኞ ጠዋት የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ከመጀመሩ በፊት በ7ኛና በ8ኛ ክፍል የሚሰማው ጫጫታ ስለ ሒሳብ የቤት ሥራ እንዳይመስላችሁ። ቅዳሜና እሑድ በቪዲዮ ቤት፣ ወይም በአንድ ስልክ ዙሪያ ተደራርበው ስላዩት ፊልም ነው። አንዱ «አሪፍ ነው» ይላል፤ ሌላው «አይረባም» ይላል፤ ሦስተኛው ድምፁን ከፍ ያደርግና ክርክሩን ያሸንፋል። «ለምን አሪፍ ሆነ?» ተብሎ ሲጠየቅ ግን መልሱ ብዙውን ጊዜ «በቃ አሪፍ ነዋ!» ከማለት አያልፍም።

አንዳንድ ወላጆችም «ፊልም ማየታቸው ሳያንስ ስለ ፊልም ሲጨቃጨቁ ይውላሉ፤ ይህ ምን ይጠቅማቸዋል?» ሲሉ ጠይቀውናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ለመልሱ ይረዳ ዘንድ ተመልካቾች ስለ አንድ ፊልም ያላቸውን አስተያየት እስከምን ድረስ እንደወሰዱት፣ አስተያየታቸውም ምን እንደሠራና ምን እንዳበላሸ የሚያሳዩ ጥቂት እውነተኛ ታሪኮችን እናቀርባለን። ታሪኮቹ በአብዛኛው ከአሜሪካና ከእንግሊዝ የተገኙ ናቸው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ ይሏል።

በመጀመሪያ ስለ ሁለት ቃላት እንነጋገር። አድናቂ ስንል አንድን ፊልም አይቶ የሚረሳውን ሰው ማለታችን አይደለም። ደጋግሞ የሚያየውን፣ ከሌላው ጋር የሚያወዳድረውን፣ ስህተቱን የሚለቅመውንና ስለ እርሱ የሚጽፈውን ሰው ነው። የሳይንስ ልብ ወለድ የምንለው ደግሞ «ይህ ቢሆንስ?» ከሚል ጥያቄ የሚነሣ ድርሰት ነው። ሰው ወደ ሩቅ ከዋክብት መጓዝ ቢችልስ? ወደ ኋላ ተመልሶ ያለፈውን ዘመን መለወጥ ቢችልስ? መልሱ የደራሲው ፈጠራ ሲሆን ጥያቄው ግን የሁላችንም ነው። የዚህ ዓይነት ድርሰት አድናቂዎች ከሌሎች ይልቅ ተከራካሪዎች የሆኑትም በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል።

ከእነዚህ ድርሰቶች መካከል ስመ ጥር የሆነው ስታር ትሬክ የተባለው የአሜሪካ ተከታታይ የቴሌቪዥን ፊልም ነው። የመጀመሪያው ክፍል ኤን ቢ ሲ በተባለው የቴሌቪዥን ድርጅት መስከረም 8 ቀን 1966 ታየ። ፈጣሪው ጂን ሮደንቤሪ ይባላል። ታሪኩ የሚካሄደው ከእኛ ዘመን በጣም ርቆ፣ በ23ኛው መቶ ዓመት ሲሆን፣ ኢንተርፕራይዝ የተባለች የጠፈር መርከብ ያልታወቁ ዓለማትን ስትመረምር ያሳያል። አዛዡ ካፒቴን ከርክ ነው። ረዳቱ ስፖክ በእናቱ ሰው፣ በአባቱ የሌላ ዓለም ፍጡር ሲሆን ጆሮው ሾጣጣ፣ ንግግሩ ስሜት የሌለበት ነው። ሐኪሙ ማኮይ በተቃራኒው ቁጡና ርኅሩኅ ነው። በመርከቧ ውስጥ የጃፓን ዝርያ ያለው፣ ሩሲያዊ፣ ስኮትላንዳዊና አፍሪካዊት መኮንኖች ጎን ለጎን ይሠራሉ። ያ ዘመን አሜሪካና ሶቪየት ኅብረት በጠላትነት የሚተያዩበት፣ በአሜሪካም ጥቁሮች ለመብታቸው የሚታገሉበት ዘመን እንደነበረ ስናስታውስ ይህ አቀማመጥ እንዲያው በዘፈቀደ የተደረገ እንዳልሆነ እንረዳለን።

አፍሪካዊቷ መኮንን ኡሁራ ትባላለች። በገበያው ውስጥ ስዋሂሊ የምትሰሙ ሁሉ ስሙ ከየት እንደመጣ ሳትገምቱ አልቀራችሁም። «ኡሁሩ» ማለት ነፃነት ነው። እንዲያውም በመጀመሪያ በታየው ክፍል ላይ ኡሁራ መልኩን መለዋወጥ ከሚችል ፍጡር ጋር በስዋሂሊ ስትነጋገር ትታያለች። የጠፈር መርከብ ውስጥ ስዋሂሊ! የገጸ ባሕርይዋን ሥራ የተጫወቱት ኒሼል ኒኮልስ ራሳቸው ደጋግመው እንደተናገሩት፣ ከመጀመሪያው ዓመት በኋላ ሥራውን ትተው ወደ መድረክ ተውኔት ለመሄድ ወስነው ነበር። በዚያው ሰሞን በአንድ ግብዣ ላይ «አንድ አድናቂዎ ሊያገኝዎት ይፈልጋል» ተባሉ። አድናቂው ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ ሆነው ተገኙ። ዶክተር ኪንግ ከቤተሰባቸው ጋር ፊልሙን እንደሚከታተሉ ገልጸው፣ ጥቁር ሴት እንደ ሎሌ ሳይሆን እንደ መኮንን የምትታይበት ቦታ ስለሆነ መተው እንደሌለባቸው ነገሯቸው። ኒሼል ኒኮልስም ቀሩ። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ ዶክተር ኪንግ የሰጡት የአድናቂ አስተያየት ነው። ነገር ግን «አሪፍ ነው» ብለው አላቆሙም፤ ምክንያቱን ተናግረዋል።

ስታር ትሬክ ዛሬ ዝነኛ ቢሆንም በጊዜው ብዙ ተመልካች አልነበረውም ይባል ነበር። «ይባል ነበር» ያልኩት በምክንያት ነው። በ1960ዎቹ በአሜሪካ ምን ያህል ሰው ምን እንደሚያይ የሚታወቀው ከአንድ ሺህ ጥቂት በሚበልጡ ቤቶች ውስጥ በተተከለ መቁጠሪያ መሣሪያ ነበር። ከእነዚያ ቤቶች ተነሥቶ የመላው አገር ሕዝብ ምርጫ ይሰላል። መሣሪያው የሌለው ሰው ፊልሙን ቢወድም ቢጠላም አይቆጠርም። ይህን ስሌት ለሒሳብ ክፍል አስቀምጡት፤ ናሙና ማለት ምን እንደሆነ ጥሩ ምሳሌ ነው።

በ1967 መጨረሻ ላይ ፊልሙ ሁለተኛ ዓመቱን እንደጨረሰ ሊቋረጥ ነው የሚል ወሬ ተሰማ። በካሊፎርኒያ የሚኖሩት ባልና ሚስት ጆንና ቢጆ ትሪምብል ይህን ሲሰሙ ዝም አላሉም።  የነበራቸው ወረቀት፣ ፖስታና የሌሎች አድናቂዎች አድራሻ ነው። ዘዴያቸው ቀላል ነበር። እያንዳንዱ ሰው ለድርጅቱ ደብዳቤ ይጽፋል፤ በተጨማሪም አሥር ሰዎች እንዲጽፉ ይጠይቃል፤ እነዚያም እያንዳንዳቸው ሌሎች አሥር ይጠይቃሉ። 10፣ 100፣ 1,000፣ 10,000፣ 100,000። በወረቀት ላይ አምስት ዙር ብቻ ይበቃል። በእርግጥ በተግባር ሰንሰለቱ በየመንገዱ ይበጠሳል፤ ሁሉም ሰው አሥር ወዳጅ የለውም፤ ያለውም ሁሉ ቴምብር አይገዛም። ቢሆንም ደብዳቤው ጎረፈ። በጥር 1968 ደግሞ የአንድ ታዋቂ የሳይንስ ኮሌጅ ተማሪዎች በካሊፎርኒያ ወደሚገኘው የድርጅቱ ስቱዲዮ ሰላማዊ ሰልፍ አደረጉ። ድርጅቱ በገለጸው መሠረት የደረሰው ደብዳቤ ከ100,000 በላይ ነበር። መጋቢት 1 ቀን 1968 አንድ ክፍል ታይቶ እንዳበቃ ፊልሙ እንደሚቀጥል በቴሌቪዥን ተነገረ፤ ተመልካቾችም ከእንግዲህ ደብዳቤ እንዳይልኩ ተለመኑ ማለት ይቻላል።

ሳይሸሸግ መነገር ያለበት ሌላ ነገር አለ። ሮደንቤሪ ራሱ ከበስተ ኋላ ሆኖ ዘመቻውን ያግዝ እንደነበር በኋላ ታውቋል። ይህ የአድናቂዎቹን ደብዳቤ ሐሰት አያደርገውም። ሆኖም «ሕዝቡ በገዛ ራሱ ተነሣ» የሚል ታሪክ በምንሰማበት ጊዜ ሁሉ ከበስተ ኋላ ማን እንዳለ መጠየቅ ደግ ነው።

ድሉም ሙሉ አልነበረም። ድርጅቱ ለሦስተኛው ዓመት የሰጠው ሰዓት ዓርብ ማታ ከምሽቱ አራት ሰዓት ነበር። ወጣቶች፣ ማለትም ዋናዎቹ ተመልካቾች፣ በዚያ ሰዓት ከቤት ውጭ ናቸው። ለሥራው የሚመደበውም ገንዘብ ተቀነሰ። ሮደንቤሪም በሰዓቱ ተቆጥቶ ከዕለት ተዕለት ሥራው ራሱን አገለለ። በ1969 ፊልሙ በ79 ክፍሎች አበቃ።

እንግዲህ የአድናቂዎቹ ክርክር እጅግ የሚደምቀው እዚህ ላይ ነው። ከ79ኙ ክፍሎች የትኛው ይበልጣል? የትኛውስ ያሳፍራል? ከሃምሳ ዓመት በላይ አልፎትም ክርክሩ አልቆመም፤ በሁለቱ ጫፎች ላይ ግን ብዙዎች ይስማማሉ።

ከመጥፎዎቹ ተርታ ስሙ የማይጠፋው የሦስተኛው ዓመት መክፈቻ የሆነው «የስፖክ አንጎል» የተባለው ክፍል ነው። አንዲት የሌላ ዓለም ሴት ትመጣና የስፖክን አንጎል ከራስ ቅሉ አውጥታ ትሰርቃለች። ጓደኞቹ አንጎል የሌለውን አካሉን በመሣሪያ እየመሩ ይዘውት ይዞራሉ። በመጨረሻ ሐኪሙ ማኮይ ራሱ ላይ አንድ ቆብ መሳይ መሣሪያ ደፍቶ በደቂቃዎች ውስጥ ታላቅ ቀዶ ሕክምና ይማራል፤ የተማረው ነገር በመሐል እየጠፋበት ሲሄድ ደግሞ በቀዶ ሕክምናው ላይ ያለው ስፖክ ራሱ እየተናገረ ይመራዋል! ተማሪዎች ይህን ስተርክላቸው በሳቅ ፈረሱ። አንዱ ግን ጥሩ ጥያቄ ጠየቀ፦ «ጋሼ፣ ሾጣጣ ጆሮ ያለው ሰው አለ ብለን አምነን የለ እንዴ? ታዲያ ይህን ለማመን ምን ከለከለን?»

የልጁ ጥያቄ የነገሩ ቁልፍ ነው። በሳይንስ ልብ ወለድ ውስጥ የማይሆን ነገር መኖሩ ጥፋት አይደለም። አንበሳና ቀበሮ የሚነጋገሩበትን ተረት ሰምተን «ቀበሮ አይናገርም» አንልም። ነገር ግን በተረቱ ውስጥ ብልህ የተባለችው ቀበሮ ያለ ምክንያት ስትሞኝ፣ ተራኪው ነገሩን ለመጨረስ ብሎ የቀደደው ቀዳዳ ስለሆነ ይታወቀናል። ድርሰቱ ራሱ ያወጣውን ሕግ ራሱ ሲያፈርስ ተመልካች እምነቱን ያነሣል። በዚህ ክፍል ላይ አድናቂዎቹ የሚያነሡት ሌላም ነቀፋ አለ፤ አንጎል ተሰርቆ፣ ተመልሶ፣ በመጨረሻ ማንም ምንም አላጣም። ሁሉም እንደ ነበረ ሆኖ ይሳሳቃል።

በሌላው ጫፍ ያለው ክፍል ሚያዝያ 6 ቀን 1967 የታየው ነው። ርእሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ «በዘላለም አፋፍ ላይ ያለችው ከተማ» እንደማለት ነው። የመጀመሪያ ደራሲው ሃርላን ኤሊሰን ሲሆን፣ ክፍሉ በ1968 ለሳይንስ ልብ ወለድ የሚሰጠውን የሁጎ ሽልማት አግኝቷል። ታሪኩ እንዲህ ነው። ሐኪሙ ማኮይ በድንገት ከመጠን በላይ መድኃኒት ተወግቶ አእምሮው ይታወካል፤ በዚሁ ሁኔታ ወዳለፈ ዘመን በሚያሻግር በር ዘልሎ ይገባል። በዚያች ቅጽበት መርከቧ ከሰማይ ትጠፋለች። ማኮይ ባለፈው ዘመን ውስጥ አንድ ነገር ስለለወጠ እነርሱ የሚያውቁት ዓለም ጭራሹን አልተፈጠረም። ከርክና ስፖክ ተከትለውት ይገባሉ፤ ራሳቸውንም የኢኮኖሚ ድቀት በመታት በ1930 ኒው ዮርክ ያገኙታል። የሚበሉት የላቸውም፤ የለበሱትም ልብስ የሰረቁት ነው። ኤዲት ኪለር የተባለች ሴት ለሥራ አጦች ሾርባ በምታከፋፍልበት ቤት ተጠግተው ወለል እየጠረጉ ይኖራሉ። ከርክ ኤዲትን ይወዳታል። በኋላ ግን ስፖክ በሠራው መሣሪያ አማካይነት የሚያስደነግጥ ነገር ይደርሱበታል። በእውነተኛው ታሪክ ኤዲት በመኪና አደጋ ትሞት ነበር። ማኮይ ስላዳናት ትልቅ የሰላም ንቅናቄ ትመራለች፤ በዚህም ምክንያት አሜሪካ ወደ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሳትገባ ትዘገያለች፤ የሂትለር ጀርመንም ያሸንፋል። ሰላም መውደዷ ትክክል ነበር፤ ጊዜው ግን አልነበረም። መኪናው ሲመጣ ማኮይ ሊያድናት ይሮጣል። ከርክ ማኮይን ይዞ ያስቀረዋል።

ይህን በ8ኛ ክፍል በቃል ተርኬ «ከርክ ልክ ነው ወይስ አይደለም?» ብዬ ስጠይቅ አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ አልበቃንም። አንዱ ወገን «ሚሊዮኖች ከሚያልቁ አንድ ሰው ቢሞት ይሻላል» አለ። ሌላው «ይህን የሚሉት ሁልጊዜ አንዱ ሰው እነርሱ ያልሆኑ ናቸው» ሲል መለሰ። አንድ ልጅ «ለምን ወደ ራሳቸው ዘመን ይዘዋት አይሄዱም?» አለ፤ የልጁ ሐሳብ ታሪኩ ላይ ያለውን ቀዳዳ ነክቷል። ከኋላ የምትቀመጥ ዝምተኛ ተማሪ ደግሞ እጇን አወጣችና «ኤዲትን ማን ጠየቃት? ነግረዋት ቢሆን ምናልባት ራሷ ትመርጥ ነበር» አለች። ከዚያ በኋላ ለጥቂት ጊዜ ክፍሉ ጸጥ ብሎ ነበር። ሾርባ ለመቀበል ተሰልፎ የሚያውቅ ሰው፣ ስለ እርሱ ሕይወት ሌሎች ሰዎች በሌላ ክፍል ውስጥ ሲወስኑ ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ሰው፣ ይህን ታሪክ ከሌላው ተመልካች በተለየ ዓይን ያየዋል። ይህ ጉድለት አይደለም፤ ለክርክሩ የሚያመጣው የራሱ እውቀት ነው።

ሁለቱን ክፍሎች ጎን ለጎን አድርጋችሁ ስታዩ አድናቂዎች በምን እንደሚመዝኑ ይገባችኋል። በአንደኛው ማንም ምንም አላጣም፤ በሌላው ግን ታሪኩ የሚጠይቀው ዋጋ ተከፍሏል። በአንደኛው ገጸ ባሕርያቱ ለታሪኩ ሲባል ይሞኛሉ፤ በሌላው ስፖክም፣ ማኮይም፣ ከርክም እንደ ጠባያቸው ነው የሚሠሩት። ማኮይ ሐኪም ስለሆነ ለማዳን ይሮጣል፤ ስፖክ ስሜቱን ገትቶ እውነቱን ይናገራል፤ መከራው ከርክ ላይ ይወድቃል። እኔን ብትጠይቁኝ የክፍሉ ትልቅነት ያለው በዘመን መለወጡ ሳይሆን በዚህ ነው።

በነገራችን ላይ ስለዚህ ክፍል የተደረገው ጠብ የተመልካቾች ብቻ አልነበረም። ሮደንቤሪ ጽሑፉን ለውጦ ስላዘጋጀው ኤሊሰን እስከ ዕድሜው መጨረሻ ተቆጥቶ ኖሯል። የራሱ የመጀመሪያ ጽሑፍ ከጸሐፊዎች ማኅበር ሽልማት አግኝቷል፤ በ1990ዎቹም በመጽሐፍ ታትሟል። ስለዚህ አድናቂዎች ሁለቱን አስተያይተው «የቱ ይበልጣል?» የሚል ሌላ ክርክር ጀመሩ። አንድ ታሪክ ሁለት መልክ ሲኖረው ለተማሪ ትልቅ ዕድል ነው።

ፊልሙ ከቆመ በኋላ ምን ሆነ? በየከተማው ያሉ ትናንሽ የቴሌቪዥን ጣቢያዎች 79ኙን ክፍሎች እየገዙ ደጋግመው ማሳየት ጀመሩ። ተመልካቹ የበዛው እንግዲህ ፊልሙ ከሞተ በኋላ ነው። በጥር 1972 በኒው ዮርክ አድናቂዎች ስብሰባ ሲጠሩ የጠበቁት ጥቂት መቶ ሰው ነበር፤ የመጣው ከ3,000 በላይ ሆነ። በ1976 የአሜሪካ መንግሥት የመጀመሪያውን የጠፈር መንኮራኩር «ኮንስቲቲዩሽን» ብሎ ሊሰይመው ነበር። አድናቂዎች እንደገና ብዕራቸውን አነሡ፤ ደብዳቤው ለፕሬዚዳንት ፎርድ ጎረፈና ስሙ «ኢንተርፕራይዝ» ሆነ። የሚያስቀው ነገር ግን መንኮራኩሩ ለመንሳፈፍና ለማረፍ ሙከራ አገልግሎ ወደ ጠፈር ሳይወጣ ቀረ። ስሙን አሸነፉ፤ በረራውን አጡ። በ1979 ደግሞ ስታር ትሬክ ወደ ሲኒማ ተሻገረ፤ እስከ 2016 ድረስ 13 የሲኒማ ፊልሞች ተሠርተዋል።

ኒሼል ኒኮልስ ከ1977 ጀምሮ ሴቶችና ጥቁሮች ወደ ጠፈርተኝነት እንዲያመለክቱ ለአሜሪካ የጠፈር ድርጅት ቀስቅሰዋል። በ1992 ወደ ጠፈር የወጡት የመጀመሪያዋ ጥቁር አሜሪካዊት ሴት ዶክተር ሜይ ጀሚሰን በልጅነታቸው ኡሁራን ያደንቁ እንደነበር ተናግረዋል። እኚህ ሐኪም ከዚያ በፊት በተማሪነታቸው ዘመን በኬንያ ገጠርና በታይላንድ በሚገኝ የካምቦዲያ ስደተኞች ካምፕ በሕክምና አገልግለዋል። ሴት ልጆቻችሁ ይህን ያነብቡ ዘንድ አደራ እላለሁ።

አሁን ወደ ሌላ ዓይነት ክርክር እንሻገር፤ ይኸውም ፊልም የማን ነው የሚለው ነው። በ1977 የወጣውን ስታር ዋርስን አንዳንዶቻችሁ አይታችሁት ይሆናል። በመጀመሪያው ፊልም ሃን ሶሎ የተባለው ኮንትሮባንዲስት መጠጥ ቤት ውስጥ ተቀምጦ ሳለ፣ ግሪዶ የተባለ ፍጡር ሽጉጥ ደቅኖበት ሊወስደው ይመጣል። ሃን ከጠረጴዛው በታች ቀስ ብሎ መሣሪያውን ያወጣና ይተኩስበታል። በ1997 ዳይሬክተሩ ጆርጅ ሉካስ ፊልሙን አድሶ ሲያወጣ መጀመሪያ የተኮሰው ግሪዶ እንዲሆን አደረገ፤ ተኩሶም ሳተው። የተለወጠው የአንድ ሰከንድ ሥዕል ነው። አድናቂዎች ግን «መጀመሪያ የተኮሰው ሃን ነው!» ብለው እስከ ዛሬ ይጮኻሉ፤ በካናቴራ ላይ ሳይቀር ተጽፏል። ቀልድ ይመስላል። ክርክራቸው ግን ሥር አለው። ሃን በመጀመሪያ ለራሱ ብቻ የሚያስብ ሰው ነው፤ በመጨረሻ ለጓደኞቹ ሲል ተመልሶ ይመጣል። ገና ከጅምሩ ንጹሕ ካደረጋችሁት የሚለወጠው ነገር ምንድን ነው? ሉካስ በበኩሉ ፊልሙ የእርሱ ስለሆነ የመለወጥ መብት እንዳለው ያምን ነበር። ሁለቱም ወገን ምክንያት አለው። እኔ ግን ወደ አድናቂዎቹ አደላለሁ፤ ቢያንስ የቀድሞው ቅጂ ከአዲሱ ጎን ሊቀመጥ ይገባል።

የቀድሞው ቅጂ ሲጠፋ ምን እንደሚሆን እንግሊዞች ያውቁታል። ዶክተር ሁ የተባለው የቢ ቢ ሲ ተከታታይ የሳይንስ ልብ ወለድ ኅዳር 23 ቀን 1963 ተጀመረ። በዚያ ጊዜ የቪዲዮ ቴፕ ውድ ስለነበር ድርጅቱ የታየውን እያጠፋ በላዩ ይቀዳበት ነበር፤ የፊልም ቅጂዎችንም ጥሏል። በዚህ መንገድ የ1960ዎቹ ከ90 የሚበልጡ ክፍሎች ሥዕላቸው ጠፍቷል። ድምፃቸው ግን አንድም ሳይቀር አለ! ያዳኑት አድናቂዎች ናቸው፤ አብዛኞቹ ወጣቶች ነበሩ። ፊልሙ በሚታይበት ሰዓት የቴፕ መቅረጫቸውን ከቴሌቪዥኑ ፊት አስቀምጠው ቤተሰቡን «ዝም በሉ» እያሉ ቀዱት። ቢ ቢ ሲ ራሱ በኋላ በእነዚህ ቅጂዎች ላይ ሥዕል እያስሳለ አንዳንዶቹን ክፍሎች አውጥቷል።

ከዚህ ታሪክ ስለ አስተያየት የምንማረው ሌላ ነገር አለ። የጠፉትን ክፍሎች በልጅነታቸው ያዩ ሰዎች «ከሁሉ የሚበልጠው እርሱ ነበር» እያሉ ሲተርኩ ኖሩ። ከእነዚህ አንዱ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከሆንግ ኮንግ ተገኘ። ሲታይ ግን አንዳንዶች ቅር አላቸው፤ በሐሳባቸው ያለው ይበልጥ ነበር። በተቃራኒው በ2013 ዘጠኝ ክፍሎች ከናይጄሪያ መገኘታቸው ሲነገር፣ ከመካከላቸው ቀድሞ አሰልቺ ይባል የነበረው ታሪክ ተወዳጅ ሆነ። ቀድሞ የተፈረደበት ከስድስት ክፍሎቹ አንዱ ብቻ ስለተረፈ ነበር። ወላጆች በአገር ቤት በልጅነታችሁ ያያችሁትን ፊልም ለልጆቻችሁ ስትተርኩ እነርሱ «አሁን ቢታይ እኮ አሰልቺ ይሆናል» ቢሏችሁ አትቆጡ። እናንተም እነርሱም ልክ ልትሆኑ ትችላላችሁ።

መጥፎውንም ገጽ ማሳየት አለብን። በ1999 በወጣው አዲሱ የስታር ዋርስ ፊልም ጃር ጃር ቢንክስ የተባለ አስቂኝ ፍጡር ነበር። ብዙ አድናቂዎች ጠሉት። ገጸ ባሕርዩን መጥላት መብታቸው ነው። ሆኖም ቁጣው በተዋናዩ በወጣቱ አሕመድ ቤስት ላይ ወረደ። በ2018 እርሱ ራሱ እንደገለጸው ስድቡና ፌዙ በሕይወቱ ተስፋ እስከ መቁረጥ አድርሶት ነበር። ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ በ2023 በሌላ የስታር ዋርስ ተከታታይ ፊልም ላይ ጀግና ሆኖ ሲመለስ አድናቂዎች በደስታ ተቀበሉት። በመሐል ግን ከ20 ዓመት በላይ አልፏል። «ገጸ ባሕርዩ ተመልካቹን ያሰለቻል፤ ምክንያቱም በአሳዛኙ ትዕይንት መሐል ይቀልዳል» ማለት አስተያየት ነው። «ተዋናዩ ይጥፋ» ማለት ግን ከፊልሙ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። በክፍል ውስጥም ጓደኛችሁ የወደደውን ፊልም ስትነቅፉ ጓደኛችሁን መንቀፍ አትጀምሩ።

እንግዲህ በሚቀጥለው እትም የተማሪዎችን የፊልም አስተያየት የምናወጣበት ገጽ ይኖረናል። የሕንድ ይሁን የካራቴ፣ የአማርኛ ይሁን የሳይንስ ልብ ወለድ፣ ያያችሁትን አንድ ፊልም ወይም አንድ ክፍል ብቻ መርጣችሁ በግማሽ ገጽ ጻፉ። ታሪኩን በሦስት ወይም በአራት ዓረፍተ ነገር ጨርሱት፤ ሙሉውን መተረክ አያስፈልግም። ከዚያ አንድ ትዕይንት ምረጡና ለምን እንደሠራ ወይም እንዳልሠራ አስረዱ። ማን ምን አጣ? ገጸ ባሕርዩ እንደ ጠባዩ ነው ያደረገው? ፊልሙ የራሱን ሕግ ጠብቋል? ከእናንተ ተቃራኒ የሚያስብ ጓደኛ ካላችሁ የእርሱንም ምክንያት በአንድ ዓረፍተ ነገር አስገቡ፤ እርሱም አንብቦ «አዎ፣ ያልኩት ይህን ነው» ሊል ይገባል። የፊልሙን ስም የማታውቁት እንደሆነ፣ በቪዲዮ ቤት ከመካከሉ ገብቶ ማየት የተለመደ ስለሆነ፣ ስሙን ትታችሁ ያያችሁትን ጻፉ። መጻፍ የማይችሉ ወላጆች ለልጆቻቸው እየነገሩ ማስጻፍ ይችላሉ፤ የእነርሱንም እናወጣለን። ወረቀት ያጣችሁ የአሮጌ ደብተር ጀርባ ይበቃል። ስማችሁንና ክፍላችሁን ጽፋችሁ እስከ ወሩ መጨረሻ ለክፍል አለቃችሁ ስጡ።